ቢጫ ጉሮሮዋ ወፍ

የታጨደ እርጥብ ሣር ሽታ ሌላውን ሰው ያስደስተዋል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ስማር ነው። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ውሃ የማይለየው ሜዳ ነበር። እዚያ ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነ፣ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረች የምትመስል ወፍ ትኖር ነበር። ዛፍ አትፈልግም፤ ጉብታ ላይ ቆማ ታፏጫለች፣ እንቁላሏንም መሬት ላይ፣ ከሣር ሥር ትጥላለች። ጎጆዋ ላይ በቀጥታ እንደማታርፍ ያስተማረን ከአዲስ አበባ የመጣው የባዮሎጂ መምህራችን ነው። ራቅ ብላ ታርፍና በሣሩ ውስጥ ለውስጥ በእግሯ ትመጣለች፤ ጠላት እንዳያውቅባት። ሦስት ቀን ደረቴ እስኪርስ ሣሩ ላይ ተኝቼ ጎጆዋን አገኘሁት። ውስጡ ላባ እንኳ በቅጡ ያላወጡ ሦስት ጫጩቶች ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ርእሰ መምህሩ "ሜዳው ይታጨድ፤ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል፣ እንግዶች ይመጣሉ" አሉ። ቢሯቸው ገባሁ።

"እባክዎ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ አሥር ቀን ይታገሡን።"

"ወፍ አይደለች? ብድግ ብላ ትሂዳ!" ብለው ሳቁ።

"እናትየውስ ትበራለች፤ ልጆቹስ?"

"ውጪ!"

የባዮሎጂ መምህሬ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም፤ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ያንን ሁሉ ያስተማረን ሰው! ከሳቁብኝ ሰውዬ ይልቅ እሱ አንገበገበኝ።

በማግስቱ ተማሪው ማጭድ ይዞ ወጣ። ጎጆው አጠገብ ቆሜ አልነቃነቅም አልኩ። ጓደኞቼ ተሳሳቁብኝ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ መጥተው አጎንብሰው አዩ። "ይቺን አትንኩ፤ ለጥጃዬ ናት" ብለው አጫጆቹን መለሱልኝ። አንድ እቅፍ የምታህል ሣር ቀረች።

ያቺው ሣር ናት ጉድ የሠራችን። ከሰዓት በኋላ እናትየው ትል በአፏ ይዛ መጣች። እንደ ልማዷ ራቅ ብላ አረፈችና በተላጨው መሬት ላይ ወደዚያች ሣር በእግሯ ሄደች፤ የሚሸፍናት ሣር ያለ መስሏት። ቁራዎች አጥሩ ላይ ተደርድረው ያዩዋት ነበር። ጠዋት ስመለስ ጎጆው ባዶ ነው።

ዘበኛው አጠገቤ መጡ። "አይዞሽ ልጄ፣ የቻልነውን አድርገናል።"

"ምንም አላደረግንም!" ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የረዱኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የጮህኩትም በእሳቸው ላይ ነው። ለመምህሬ ግን አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ይሄ ዛሬም ያናድደኛል።

ሽማግሌው አልተቆጡኝም። ዝናቡ ሲጀምር ካፖርታቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና በሸሚዝ ብቻ ወደሚጠብቁት በር ተመለሱ።