ጳጳሱን ሜስኪት ያደረስኩ ዕለት

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ዳላስ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ፣ እዚያው ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ በምትባል ከተማ አንድ ጡረታ የወጡ ጳጳስ ቤት እያደርኩ እንድንከባከባቸው ተቀጠርኩ። ሥራውን ያገኘችልኝ የኤጀንሲ ሠራተኛ ሐበሻ ነበረች። «ስትሮክ መቷቸዋል፤ ሶ፣ ደግፎ የሚያነሳቸው ወንድ ነው የሚፈልጉት» አለችኝ።

እኔ በልጅነቴ ጎንደር ድቁና የተቀበልኩ ሰው ነኝና ጳጳስ ሲባል የሚታየኝ መነኩሴ ነው። በሩን የከፈተችልኝ ሴት «ልጃቸው ነኝ» ስትለኝ የማደጎ መሰለችኝ። የሰርጋቸውን ፎቶ ግድግዳው ላይ ሳይ ነው የአንግሊካን ጳጳስ ሚስት እንደሚያገባ የገባኝ። ሚስታቸው ሞተዋል።

ልጃቸው ቤቱን እያዞረችኝ ደንቡን ነገረችኝ። አባቷ አንድ ቀን በዎከር፣ በመራመጃ ብረታቸው፣ እየተጎተቱ ወጥተው መኪና መንገድ መሀል ቆመው ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ በሮቹ በቁጥር ነው የሚከፈቱት። ያለ እሷ ፈቃድ አይወጡም፤ እኔም ከእሑድ በቀር ከአጠገባቸው አልለይም። ክፉ ሴት አልነበረችም። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና እንዳልተቋጨ ስነግራት «ስለ ጠባይህ ለጠበቃህ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ» አለችኝ። ያቺ ደብዳቤ ከበሩ ቁጥር ይልቅ አሰረችኝ። ገና አልተጻፈችም፤ ስለዚህ የተባልኩትን ሁሉ አደርግ ነበር።

ቀኑ አያልቅም። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣቸዋለሁ። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኖቹ ከጣሪያው በላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። እሳቸው በግራ እጃቸው ሽባ የሆነውን ቀኝ እጃቸውን ይዘው ውጭውን ያያሉ፤ እኔም ከኋላቸው ቆሜ አያለሁ።

ቃል ለማውጣት ይቸገሩ ስለነበር ታሪካቸውን የሰማሁት በወራት ነው። የጥጥ ገበሬ ልጅ ናቸው። ሃያ ዓመት ያህል በትንንሽ ከተሞች ቄስ ሆነው አገልግለዋል፤ አጥምቀዋል፣ ቀብረዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ራሳቸው ወጥተው ጠግነዋል። ከዚያ ከቴክሳስ ርቆ ባለ አገር ካህናቱና ምእመናኑ ተሰብስበው ጳጳስ አድርገው መረጧቸው።

«እምቢ ማለት ነበረብኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «ቄስ ሳለሁ ያመንኩትን እናገር ነበር። ጳጳስ ከሆንኩ በኋላ ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት ማን ይከፋዋል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ጡረታ እስክወጣ እንደዚያው ኖርኩ።»

ያኔ በሥልጣናቸው ሥር አንዲት ዲያቆን ነበረች። ሦስት ጊዜ ቅስና ጠየቀቻቸው። ሦስቱንም ጊዜ ጊዜው አይደለም ብለው መለሷት። በመጨረሻ አገልግሎቱን ትታ ሄደች። አሁን ከዳላስ ማዶ ባለችው ከተማ፣ ሜስኪት፣ እንደምትኖር ከአንድ የድሮ ወዳጃቸው ደብዳቤ አወቁ።

«ውሰደኝ» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ባደግኩበት ቤተ ክርስቲያን ሴት አትቀስስም። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«ስለ እሷ ቅስና መቼ ጠየቅኩህ?» አሉ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱ። «ስለ እኔ ውሸት ነው የምነግርህ። እንደሚገባት አምን ነበር። የጵጵስና ወንበሬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው።»

ልጃቸውን ሲጠይቋት ሐኪሙ እንዳይረበሹ ብሏል ብላ ከለከለች። እኔም ወረቀቴን እያሰብኩ ሦስት ሳምንት እምቢ አልኳቸው። ከዚያ ምግብ ተዉ። ማንኪያውን ስዘረጋ ፊታቸውን ያዞራሉ።

«እኔን እየቀጡኝ ነው፣ አባ?»

«አይደለም» አሉ። «አልወርድ ብሎኝ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ለሥራ ሂዩስተን ሄደች። ያልነኩትን ቁርስ አነሳሁ። ሳህኑን አስቀምጬ የበሩን ቁጥር ነካሁ፣ ተሸክሜ መኪናቸው ውስጥ አስገባኋቸው፣ ዊልቸሩን አጥፌ ከኋላ ጫንኩ። በሀይዌይ ዳላስን አቋርጠን ስንሄድ የሚናገሩትን እየደጋገሙ ያጠኑ ነበር። እኔም ሳላስበው በቃሌ ያዝኩት።

የያኔዋ ዲያቆን፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት፣ ጓሮዋ አትክልት ስትኮተኩት ደረስን። ስታያቸው ጓንቷን አላወለቀችም። እሳቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ምላሳቸው ተያዘ። ደጋግመው ሞከሩ። እንባቸው ወረደ፤ ቃል ግን አልወጣም። ወደ እኔ ዞሩ።

በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እኔ ተናገርኩላቸው። «እግዚአብሔር ጠርቶሽ ነበር ይላሉ። ያውቁ ነበር። ፈርተው ነው የከለከሉሽ።»

«ማወቃቸውን አውቅ ነበር» አለችኝ። «ባያምኑበት ኖሮ ይቀለኝ ነበር።» ከዚያ ወደ እሳቸው ጎንበስ ብላ «ዛሬ ይቅር ብዬዎታለሁ ማለት አልችልም» አለቻቸው። ገብታ ውሃ በስትሮ አመጣችላቸው፤ እስኪጨርሱ ብርጭቆውን ራሷ ያዘችላቸው። ስንሄድ አልሸኘችንም።

እየተመለስን መንገድ ዳር አቁሜ ሾርባ ገዛሁላቸው። ጨረሱት።

ቤት ስንደርስ ልጃቸው በሩ ላይ ቆማለች። ስልክ ደውላ የሚያነሳ ስታጣ ከሂዩስተን በግማሽ ቀን ተመልሳለች። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

«ቢሞቱብህስ?» አለችኝ።

እሳቸው ሊናገሩልኝ ሞከሩ፤ እሷ ግን «አባዬ፣ ይረፉ» ብላ ወንበራቸውን ገፍታ አስገባቻቸው። ልብሴን ሰብስቤ በዚያው ቀን ወጣሁ። ስለ ደብዳቤው ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

ከዚያ የኤርፖርቱ ፓርኪንግ ላይ ሥራ አገኘሁ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የመስታወት ሳጥን ውስጥ በቀን ስምንት ሰዓት ተቀምጬ ትኬት እቀበላለሁ። የጥገኝነት ጉዳዬ አራት ዓመት ፈጀ። ያ ደብዳቤ ከልጃቸው መጥቶ እንደሆነ ጠበቃዬን አልጠየቅኩም።

ጳጳሱን መጨረሻ ላይ የአረጋውያን ማቆያ አስገቧቸው። እዚያ የምትሠራ አንዲት የሰፈሬ ልጅ፣ ሐሙስ ሐሙስ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሴት እየመጣች አጠገባቸው እንደምትቀመጥ ነገረችኝ።

«ምን ይባባላሉ?» አልኳት።

«ምንም» አለችኝ። «ማለቴ፣ እሳቸው መናገር ትተዋል። እሷ ምሳቸውን ታበላቸዋለች፣ ትሄዳለች።»

እኔ ሄጄ አልጠየቅኳቸውም። በሩ ላይ ከልጃቸው ጋር እንገናኛለን ብዬ ፈራሁ።