የአውራ ጣት ልኬት

ሰፈሩ «ሚዛን» የሚል ቅጽል ስም ያወጣለት ጎሚስታ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የጎማ አየር የለካው በአውራ ጣቱ ነበር። ጎማውን ጫን ያደርጋል፣ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ከዚያ «በቃህ፣ ሂድ» ይላል። ባለሞተሮቹ ያምኑት ነበር። እሱም ራሱን ያምን ነበር፤ ሰውን ክፉኛ የሚያታልለው ደግሞ ይኸኛው እምነት ነው።

አንዲት ልጅ አለችው፤ ነርስ ናት። የክትባት ሣጥኗን ከኋላዋ አስራ በሞተር ሳይክል ቁልቁለቱን እየወረደች የገጠር ሕፃናትን ትከትባለች።

«አባባ፣ ኩርባ ላይ ሞተሩ ይዋልልብኛል» አለችው አንድ ቀን። «መሪውም ከብዶኛል።»

«መሪውን እንደ እባብ አንገት አንቀሽ ይዘሽው ምን ያድርግ! ለቀቅ አድርጊው።»

ቢያላግጥባትም ነገሩ ከሆዱ አልወጣም። በማግስቱ ሰፊ ጎማ ፈልጎ ከኋላ ገጠመላት፤ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዝላታል ብሎ። ጎማው የሚገጠምበት ቸርኬ ግን ጠባብ ነበር። ጎማው ከግራ ከቀኝ ተጨምቆ መሐሉ ጎበጠ፤ ሰፊ የተባለው ጎማ መሬት የሚረግጠው በጠባቡ ሆነ። ሌላ ሰው ቢያመጣለት «አይሆንም» ብሎ በመለሰው ነበር። ለልጁ ሲሆን ግን ፍቅር ዕውቀቱን ቀደመው።

በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ኩርባው ላይ ጣላት። ጉልበቷ ተልጦ፣ ሞተሩን እየገፋች መጣች። አልተቆጣችም። ከቦርሳዋ የአየር መለኪያ አወጣች።

«መጀመሪያ የፊቱን ጎማ አየር በጣትህ ለክተህ ንገረኝ።»

ተጫነው። «ድንጋይ ነው። ሃያ ስምንት፤ አንድም አይጎድል።»

መለኪያውን ሰካችው። «አሥራ ሰባት።»

«መለኪያሽ ሰክሯል።»

«እሺ፣ ሃያ ስምንት እስኪል ሙላውና ደግመህ ንካው።»

ሞልቶ ነካው። አሥራ ሰባቱም ሃያ ስምንቱም ለጣቱ አንድ ነበሩ። መሪውን ያከበደው፣ ኩርባ ላይ ያዋለላት የጎደለው አየር ነበር፤ ሰፊው ጎማ አባሰው እንጂ። ጎማው መች ጠነከረ? ጣቱ ነበር የደከመው። ሰው ጉልበቱ ሲከዳው የራሱን ድካም በነገሩ ጥንካሬ ያሳብባል፤ ደግሞም ሲያሳብብ አይታወቀውም።

ሰፊውን ጎማ ፈትቶ በልኩ ቀየረው። አየሩን ሲሞላ ቁጥሩን ያነበበችለት እሷ ናት። ሥራውን ሲጨርስ ግን አልተቀመጠም።

«ዛሬ ስንት ሰው ሸኘሁ?» አለ።

«ምን አልክ አባባ?»

ወደ አስፋልቱ ወጣ። ጠዋት በጣቱ ለክቶ የሸኘው ባለሞተር ሚስቱን ከኋላ አፈናጦ ወደ ቁልቁለቱ ሲከንፍ አየና ሁለት እጁን ዘርግቶ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ሰውየው ፍሬኑን ረግጦ ለጥቂት ሳይገጨው ቀረ።

«ኧረ ጋሼ! ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ» አለ። «ውረዱ።»