«በየት በኩል ነው የምትገባው?»

ዛሬ ጠዋት ደብረ ታቦር ላይ፣ የወንድሜን ልጅ የሻረግን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሊያስገቧት ሲሉ ወጣቱን ሐኪም አስቆምሁት። «ልጄ፣ ወደ ሆዷ በየት በኩል ነው የምትገባው?» አልሁት።

እንቁላል ማመንጫዋ ላይ ያደገውን እጢ፣ ሆዷን ሳይሰነጥቁ በትንንሽ ቀዳዳ ገብተው በካሜራ እያዩ ሊያወጡላት ነው።

ጡረታ ሳልወጣ የቀዶ ጥገና ነርስ ነበርሁ። አንድ ቀን ሌላ ሐኪም የአንዲትን ሴት ሆድ ለካሜራው ቦታ እንዲኖር በጋዝ ለመንፋት እምብርቷ ሥር መርፌ በጭፍን ሲሰድ መሣሪያ የማቀብለው እኔ ነበርሁ። መርፌው ውስጥ ያለውን ትልቅ የደም ሥር ወጋው። በውጭ የደም ጠብታ አልታየም፤ የሴትዮዋ ከንፈር ግን ነጣ። አልተረፈችም። ዛሬም በሕልሜ ትመጣለች።

«እማማ፣ ይቀመጡ እንጂ!» አለኝ ወጣቱ ሐኪም። እኛን ያስተማሩን ጥያቄ ቆሞ ይጠየቃል ብለው ነውና አልተቀመጥሁም።

«በመርፌ የሚጀምር አለ፤ ትንሽ ቀዶ እያየ የሚገባም አለ። ይኼኛው ይሻላል ተብሎ አልተቆረጠም» አለ።

«እሷ እኮ በኦፕራሲዮን ወልዳለች። አንጀቷ ከጠባሳው ጋር ተጣብቆ ቢሆንስ?»

«ለዚህ ነው በእምብርቷ የማልጀምረው። በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር እገባለሁ።»

የሻረግ ከአልጋው ላይ፣ «አክስቴ፣ ይልቀቁት እንጂ! እርስዎ ሲመረምሩት እኔ በረኃብ ልሞት ነው» አለች።

ደኅና ወጣች። ውኃ ከለከላችሁኝ ብላ ሁላችንንም ተቆጥታለች።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼም ደስታው አልመጣልኝም። የዚያች የሞተችው ሴት እናት ያን ቀን በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። መጠየቅ እንደሚቻል የነገራቸው ሰው አልነበረም።

እናንተስ፣ ሰው ለቀዶ ጥገና ስታስገቡ ሐኪሙን ምን ጠየቃችሁት? ሳትጠይቁ የቀራችሁትስ?