ኑሪያ በየትኛው ሕግ ነው ልጄ የምትሆነው?

ከድሬ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ጥላ ይዞ ይተኛል፣ መንገዱ ባዶ ነው። ባሌ ከጠፋ ጀምሮ የማላውቃቸው ሰዎች በሬን እያንኳኩ የት እንዳለ ይጠይቁኝ ነበር፣ ፈራሁ። ሐዋንና ኑሪያን፣ ሁለቱን ሴት ልጆቼን፣ መጋላ ሰፈር፣ እህቴ ቤት እንደተኙ ትቻቸው በአይሱዙ ወደ ጅቡቲ ወጣሁ። ብስማቸው ይነቁብኛል ብዬ አልሳምኳቸውም።

ይኸው ዛሬ ካናዳ ነኝ። እዚህ ፀሐይ ትወጣለች ግን አትሞቅም፣ ለምን እንደምትወጣ እንጃ። ሙዙም ትልቅ ነው፣ ጣዕም የለውም። ልጆቼን ላስመጣ ፎርም ላይ "ሁለት" ብዬ ሞላሁ። ዲኤንኤ የሚሉት ምርመራ ውጤቱ ሲመጣ ሐዋ ልጅሽ ናት፣ ኑሪያ አይደለችም አለ።

ኢሚግሬሽን ቢሮ ጠሩኝ። ሹሟ በአስተርጓሚ፣ "ለምን ዋሸሽ?" አለችኝ።

"ወላሂ አልዋሸሁም። የኑሪያ እናት ጎረቤቴ ነበረች፣ በወለደች በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሐዋም ገና ጨቅላ ነበረች፣ ሁለቱንም እኔ አጠባሁ። በኛ ሃይማኖት ያጠባሻት ልጅሽ ናት። ረዳዓ ይባላል።"

"ማስረጃ አለሽ?"

"አቦ፣ ለጡት ደረሰኝ ማን ይቆርጣል?"

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። እሷ ጻፈች።

"ልጅሽ ከሆነች ትወርስሻለች?"

እዚህ ላይ ተያዝኩ። ሸኻችን ያሉት ትዝ አለኝ፤ ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ኑሪያ አታገባውም፣ እህቱ ናት። ስሞት ግን አትወርሰኝም።

"አትወርሰኝም" አልኩ።

"እንግዲያው ልጅሽ አይደለችም።"

"ለጋብቻ ልጄ ናት፣ ለውርስ አይደለችም። ስለ ቪዛ ሸኻችን አልነገሩኝም።"

ጠበቃዬ ደግሞ ሁሉንም በየስሙ ነገረኝ። የቤተሰብ አንድነት የሚባል መርህ አለ፣ የልጅ ጥቅም ይቀድማል የሚባል አለ፣ ተዓማኒነት የሚባል አለ። እኔ ከሦስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው፣ የቱ ልጆቼን እንደሚያመጣ የቱ እንደሚያስቀር ተምታታብኝ።

"ውሸታም ከተባልሽ ሐዋም ትቀራለች" አለኝ። "ኑሪያ ልጄ አይደለችም ብለሽ ፈርሚ፣ ሐዋ ትምጣ። ለኑሪያ ሌላ ማመልከቻ እንሞክራለን።"

"ይሳካል?"

"እንሞክራለን።"

"እሱስ መርህ ነው?"

የምፈርምበትን ወረቀት እስከ ዓርብ አስቢበት ብሎ ሰጠኝ።

ትናንት ደወልኩ። ኑሪያ አነሳች።

"ኡሚ! ቀፊራ ገበያ ሄደን ከሰልባጅ ሹራብ ገዛን። የሐዋ ልክ ነው፣ የኔ እጅጌው ረዘመ።"

"ታዲያ ምነው አልቀየርሽው?"

"እስክንመጣ አድጋለሁ ብዬ ነዋ። አሁንም ለብሼዋለሁ።"

"በዚህ ሙቀት? አውልቂው አንቺ ልጅ፣ ላብ ይገድልሻል!"

"ልለማመደው ነው። ኡሚ፣ ፎርሙ ላይ አስገባሽን?"

ወረቀቱ ጉልበቴ ላይ ነበር፣ አልፈረምኩም።

"ሁለታችሁም ፎርሙ ላይ ናችሁ" አልኳት።

እስከ ዓርብ ድረስ እውነት ነው።