የኣለምሰገድ ድንጋይ

የሺወርቅ ቂም ትይዛለች። በእንዳ ኢየሱስ ሰፈር ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ እሷም ደብቃው አታውቅም። ከደብረ ብርሃን በትዳር መጥታ ዕድሜዋን መቀሌ ስትጨርስ ትግርኛውን ለመደች፣ ሰዉን ለመደች፣ መርሳትን ግን አልለመደችም። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጥግ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው የኖረችው። አንዴ ጨርቅ አጉድሎ የሸጠላትን ነጋዴ፣ በሱቁ በር ባለፈች ቁጥር ፊቷን እያዞረች ዘመኑን አስጨረሰችው። ሲሞት ግን ቀብሩ ላይ ከፊት ቆማ ታየች። «መሞቱን በዓይኔ ልየው ብዬ ነው» አለች አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን አላምንም ነበር።

ኣለምሰገድ ቤቷን ሊያሳጣት የተነሣው እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ሴት ነው። ከስንቱ የዋህ መሀል እሷን መረጠ!

ባዳ አልነበረም። የሟቹ ባሏ የገብረአምላክ ሚዜ ነበር፤ በሰርጓቸው ቀን እጇን ይዞ ከመኪና ያወረዳት እሱ ነው። ከጦርነቱ በፊት የጭነት መኪና ሊገዛ ከባንክ ሲበደር፣ መኪናው ብቻውን ለመያዣ አልበቃ አለውና የቤታቸውን ካርታ ለመነ። ገብረአምላክ ሚዜውን እምቢ ማለት አያውቅበትም። ፈረመ፤ እሷም እየከነከናት ፈረመች። ያ ቤት ባልና ሚስቱ ከአፋቸው ነጥቀው፣ ድንጋዩን በጋሪ እያስመጡ፣ ዘመናቸውን ሙሉ የሠሩት ነው። ሙሉ በሙሉም አላለቀም፤ ገብረአምላክ ለደጃፉ መርገጫ ይሆናል ብሎ የመረጠው አንድ ጥርብ ድንጋይ ግቢው ጥግ እንደተቀመጠ ነበር። «ነገ እተክለዋለሁ» ሲል ኖረ።

ጦርነቱ መጣ። ባንኩ ተዘጋ፣ ወለዱ ግን አልተዘጋም። ገብረአምላክ የስኳር መድኃኒቱን አጥቶ ሞተ። ሰላም ሲወርድ ባንኩ ተከፈተና ዕዳውን ጠየቀ። ኣለምሰገድም «መኪናዬን በጦርነቱ ዘረፉኝ፣ የት እንደገባ አላውቅም» ብሎ አመለከተ። ባንክ የጠፋ መኪና መሸጥ አይችልም፤ የቆመ ቤት ግን ይሸጣል። የሐራጅ ማስታወቂያው የየሺወርቅ በር ላይ ተለጠፈ።

አቅም ለሌለው ሰው በነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥበት ቢሮ ነበርና እዚያ ሄደች። ትህትና የምትባል ወጣት የሕግ ባለሙያ ወረቀቱን ሁሉ አንብባ፣ «እናቴ፣ መንገድ አለ» አለቻት። «ተበዳሪው ራሱ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምለት ባንኩን መጠየቅ ይችላል። እሱ እምቢ ካለ፣ ሐራጁ ሳይደርስ ባንኩን አስፈቅደው ቤቱን በደህና ዋጋ ራስዎ ይሸጡታል፤ ከዕዳው የተረፈው የእርስዎ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን መኪናው ቢገኝ ነበር። እሱም መያዣ ስለሆነ፣ ባንኩ ቀድሞ እሱን እንዲሸጥ እንጠይቅ ነበር።»

«መሸጡን ተይው» አለች የሺወርቅ። «ገብረአምላክን ሁለቴ አልቀብርም።»

የመጀመሪያውን መንገድ ይዛ ኣለምሰገድ ቤት ሄደች። «ይራዘምልኝ ብለህ አመልክት ብቻ፤ እኔም ከተከራዮቼ ከማገኘው እጨምርልሃለሁ» ብላ ለመነችው። የሺወርቅ ለመነች! እሱ ከበሩ እንኳ ሳያሳልፋት፣ «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኔም የተዘረፍኩ ሰው ነኝ፤ ቢራዘምስ በምን ልከፍለው?» አላት። ከበስተኋላው ግድግዳው አዲስ ቀለም ይቀባ ነበር። ልጁ ዳናይት ልትዳር ነው። የሺወርቅ አፍንጫዋ ላይ የቀለሙን ሽታ እንደያዘች ወደ ቤቷ ተመለሰች። አላለቀሰችም። ሆዷ ውስጥ ግን አንድ ክፉ ነገር ተደላድሎ ተቀመጠ፤ ደስ እያላትም አስቀመጠችው።

ዕድሏ የመጣው ካላሰበችው በኩል ነው። እሷና ኣለምሰገድ የንስሓ አባታቸው አንድ ናቸው። ልጄን በቁርባን ልድር ነው ቢላቸው፣ ቄሱ «ከሚዜህ ሚስት ጋር ተኳርፈህ? መጀመሪያ ታረቅ፤ አለዚያ ዳስህን አልባርክም» አሉት። ኣለምሰገድ ባንክ አይፈራም፣ ሕግ አይፈራም፤ የሙሽራው ወገኖች «ቄሳቸው እንኳ የራቋቸው» እንዳይሉት ግን ይፈራል። ሽማግሌ ላከ።

የሺወርቅ ሽማግሌዎቹን አክብራ ተቀበለች። «እታረቃለሁ» ስትላቸው ጆሯቸውን አላመኑም። «ግን በወጉ ይሁን። ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ፤ የበደለኝንም አንድ ሳያስቀር ይናገር።» ድንጋይ መሸከም የድሮ ወግ ነው፤ አሁን አሁን ጠጠር ቢጤ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ማለፍ ተለምዷል። የሺወርቅ ጠጠር አላማራትም። «ድንጋዩን እኔው እሰጣለሁ» ብላ የገብረአምላክን ጥርብ ድንጋይ አሳየቻቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተከራይ ተማሪዎቿ ድንጋዩን እየተሳሳቁ እስከ አስፋልቱ አወረዱለት። ኣለምሰገድ እዚያ ጋ አንገቱ ላይ አድርጎ ዳገቱን ተያያዘው። ወፍራም ሰው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ወጣ። ግቢዋ ገብቶ ሲንበረከክ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር፤ የሺወርቅ ግን ወንበሯ ላይ ሆና ነጠላዋን ታስተካክላለች። ቸኮለች ቢሏችሁ አትመኑ።

«ይቅርታ ሓፍተይ፤ ስለ ማርያም ብለሽ።»

«ምን አድርገኸኝ ነው ይቅር የምልህ?»

«ቤትሽን ለሐራጅ ዳረግኩት።»

«ሌላስ?»

 ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡት ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ያስቀረኸው ካለ ይህ እርቅ አይደለም። በልጅህ ትዳር አትቀልድ።»

ድንጋዩ ይክበደው ቃሉ ይክበደው እሱ ያውቃል፤ ኣለምሰገድ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። «መኪናው አልተዘረፈም» አለ። «ወለዱ ቢገድለኝ፣ ሰሌዳውን ቀየርኩት፤ በባለቤቴ ወንድም ስም በአፋር በኩል ጨው ያመላልሳል። ለሰርጉም ዕቃ ይዞ ቅዳሜ ይገባል።»

 የሺወርቅ ፊቷ አልተነቃነቀም። «እንግዲያው ነገ ባንክ ሄደህ ይህንኑ ንገራቸው» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ኣጆኺ፣ አይዞሽ የሺ፣ ሰርጉ ይለፍ እንጂ» አሉ። «በሰርግ ሳምንት ሰው አይዋረድም። ሙሽሮቹ መልስ ከተጠሩ በኋላ ራሱ ይሄዳል፤ ዋሱ እኛ ነን።»

ሰርጉ የሚቀጥለው እሑድ ነበር፤ ሐራጁ በማግሥቱ ሰኞ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ማስታወቂያው እኮ ከጀርባቸው በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር!

«እሺ» አለች የሺወርቅ። ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አስነሥታ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው፤ ጉንጩንም ሳመችው። በእርቅ ላይ የተነገረ ከእርቁ ግቢ አይወጣም፤ ይህም ወግ ነው። ኣለምሰገድ ያን ሁሉ የዘከዘከው ይህንኑ ወግ ተማምኖ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት የሺወርቅ ትህትናን አስከትላ ባንኩ በር ላይ ቆማ ነበር።

ቅዳሜ ሲደርስ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ስጦታዋን ይዛ ኣለምሰገድ ዳስ ገባች። ታርቃለች፣ ተጠርታለች፤ ማን ይከለክላታል? ከፊት አስቀምጠው ምግብ አቀረቡላት። መኪናው ወንበርና ጠረጴዛ ተጭኖበት ጡሩምባውን እየነፋ ገባ፣ ሴቶቹም እልል አሉ። ማውረድ ሳይጀመር የባንኩ ሰው ከፖሊሶች ጋር ደረሰ። ሰሌዳውን ዞር ብሎም አላየው። ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ገብቶ ሻንሲውን በጨርቅ ጠረገና፣ እዚያ የተቀረጸውን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ። ሰሌዳ የቀየሩት ሰዎች ያንን መፋቅ ረስተውት ነበር።

ኣለምሰገድ ግራ ቀኙን ሲያይ ዓይኑ የሺወርቅ ላይ አረፈ። እሷ የጠቀለለችውን እንጀራ ወደ አፏ እያስጠጋች በጭንቅላቷ ንቅናቄ ሰላም አለችው። ያን የመሰለ ወጥ ቀምሼ አላውቅም ትላለች፣ እስከ ዛሬ።

መኪናው ወንበሩን እንደጫነ ተነዳ። ዳናይት እንሶስላ የሞቀ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች ከቤት ወጥታ ቆመች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዩኒፎርሟን የሰፋችላት የሺወርቅ ናት። ልጅቱ መኪናውን አላየችም፤ የሺወርቅን ነው ያየችው።

ሐራጁ ቀረ። መኪናው ተሸጠ፣ ለተረፈው ዕዳ ባንኩ ለኣለምሰገድ ጊዜ አራዘመለት። የሺወርቅም ማስታወቂያውን በገዛ ጥፍሯ ፍቃ ከበሯ ላይ አነሣች። ቄሱ መጥተው፣ «የእርቅ ቃል ባንክ ድረስ ወሰድሽው?» ብለው ተቆጡ። «ቤቴን ባንክ ድረስ የወሰደውስ ማን ነው ኣቦይ ቀሺ?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ ግቢዋን አይረግጥም፤ የማኅበር ሴቶችም ሲጠራሩ እሷን ይዘሏታል። ግድ የለኝም ትላለች። ግድ አላት።

ድንጋዩን ግን ተከለችው። ግንበኛ ጠርታ፣ ገብረአምላክ እንዳሰበው፣ በፊት ለፊቱ በር መርገጫ አስደረገችው። ጠዋት ስትወጣ ትረግጠዋለች፣ ማታ ስትገባ ትረግጠዋለች። እንግዳ ሲመጣም «እሱን ረግጠህ ግባ፤ የኣለምሰገድ ድንጋይ ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ዳናይት መጣች፤ አርግዛ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆማ ድንጋዩን አየችው።

«ኣደይ የሺ፣ አባቴን ይቅር ብለሽዋል?»

«በሽማግሌ ፊት ብያለሁ።»

«ታዲያ ይህን ለምን እዚህ ተከልሽው?»

«ባሌ ነው እዚህ ይተከል ያለው» አለች የሺወርቅ። ውሸት አይደለም።

«አባቴ አንገቱ እስካሁን አይዞርለትም» አለች ዳናይት። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ግድግዳውን በእጇ ተደግፋ፣ ከነሆዷ ድንጋዩን ሳትነካው ተሻግራ ገባች። የወንድም የሴትም የሚሆን አድርጋ የሕፃን ልብስ እንድትሰፋላት ለመነቻት፤ ስትወጣም እንደዚያው ተሻግራ ወጣች።

የሺወርቅ ዛሬ በጓሮ በር ነው የምትወጣ የምትገባው። ለምን ቢሏት፣ መንገዱ ስለሚቀርበኝ ነው ትላለች። የጓሮው በር ከመንገዱ ይርቃል።