አላየሁም ያልሁት ሐብል

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሐሜቱንም ቁጣውንም ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ጋ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። አሁንም የምጽፈው ደፍሬ አይደለም። ስለፈራሁ ነው።

ወንድሜ ጅዳ ሲሠራ ሚስቱ ዓለምነሽ ከሁለት ዓመት ልጇ ከቤዛ ጋር መካነ ሰላም ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። ከዚያ የላከላት የወርቅ ሐብል ነበራት። ለእኔ ለእህቱ ሳይሆን ለእሷ መላኩ ያንገበግበኝ ነበር። ወግዲ ለዘመድ ሠርግ ስሄድ ግን ራሷ ከአንገቷ አውልቃ አዋሰችኝ። እኛ ዘንድ ለሠርግ ወርቅ የማትዋዋስ ሴት የለችም። ከሠርጉ ተመልሼ ዛሬ ነገ ስል ሳልመልስላት ከረምሁ።

አንድ ቀን ወንድሜ በቪዲዮ ደውሎ ባዶ አንገቷን አየና ሐብሉን የት እንዳደረገችው ጠየቃት። ለእህትህ አዋስኳት አለችው፣ እየሳቀች፤ ስልኩንም ለእኔ ሰጠችኝ። እኔም አላየሁም አልሁት። ሐብሉ በዚያ ሰዓት አንገቴ ላይ ነበር፣ በነጠላዬ ተሸፍኖ። ለምን እንዲያ አልሁ? ቀልድ ነበር ልበል? አልነበረም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፣ ደስም አለኝ። ጓሮ ክፍል ተከራይቶ ስለነበረው ሹፌር ሲጠይቀኝ ደግሞ ዝም አልሁ። ዝምታዬ ምን እንደሚነግረው አሳምሬ አውቅ ነበር።

ነገሩን ሊያጣሩ የተቀመጡት ሽማግሌዎችም በማርያም ብለው ጠየቁኝ። ለእነሱም አላየሁም አልሁ።

ወንድሜ ልጄን ትታ ከቤቴ ትውጣ አለ። ዓለምነሽ ስትወጣ አልሰደበችኝም።

«አብሽሪ፣ ሲገኝ ትነግሪዋለሽ» አለችኝ።

የት እንዳለ ታውቅ ነበር እኮ። በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ሄደች። አብራት የተጓዘች የአጅባር ልጅ ጀልባ ስትሳፈር አይቻታለሁ አለች፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ሐብሉ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ ነው። ሰው ያየዋል ብዬ መሸጥም መጣልም ፈራሁ።

ዘንድሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለደመራ የንግሥት እሌኒን ሕይወት ሊያሳዩ ነው። እሌኒን እንድትሆን የተመረጠችው ቤዛ ናት፤ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። እሌኒ የሮም ንግሥት ከመሆኗ በፊት የነጋዴ ሚስት ነበረች። ባሏ ለንግድ ርቆ ሳለ አገልጋይዋ ሐብሏን ሰርቃ ለሌላ ነጋዴ ሰጠችው፤ ያም ሐብሉን ለባሏ አሳይቶ አብሬያት ነበርሁ አለ። ባሏም በሣጥን ከትቶ ባሕር ላይ ጣላት። ቤዛ ይህን ቆማ ስታነበንብልኝ ሥራ አለብኝ ብዬ ጓዳ እገባለሁ። እሌኒን ማዕበሉ ንጉሥ ዘንድ አደረሳት። ዓለምነሽንስ የት አደረሳት?

ትናንት ልምምዷን ጨርሳ አጠገቤ ተቀመጠች። እናቷ ከሄደች ወዲህ እማ የምትለው እኔን ነው።

«እማ፣ አገልጋይዋስ በኋላ ምን ሆነች?»

መጽሐፉ አይናገርም አልኋት። እጄን ይዛ ለምን እንደቀዘቀዘ ጠየቀችኝ። ያወቀችብኝ መስሎኝ እጄን ነጠቅኋት። እናቷ ጥላት እንደሄደች ነው የምታውቀው፤ ይህንንም የነገርኋት እኔ ነኝ። አንድ ውሸት አልበቃኝም ነበር?

ልጅ ነበርሁ አልልም፤ የሠላሳ ዓመት ሴት ነበርሁ። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ አፉ የእኔ ነበር። ይቅርታ የምጠይቃት ባሕር ማዶ ትሁን ባሕር ውስጥ አላውቅም። የቀረችው ልጇ ናት። ከልምምድ ስትመለስ እነግራታለሁ እያልሁ ሁለት ሳምንት አለፈ። በር ስትከፍት ወደ ምድጃው እዞራለሁ። ነግሬያት እማ ማለቷን ብትተውስ?

እማ መባሉም ቢሆን የዓለምነሽ ነበር። ማሩኝ አልልም።