ሦስተኛ ዘርፍ

ጭሮ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ሻርፗን አገጯ ሥር አጥብቃ ታስራለች፤ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሻዩ እንደ ፈላ መጀመሪያ የምትቀዳው ለገበሬ ነው፤ ቀጥሎ ለጋራዥ ሠራተኛ። ለሹፌርና ለቢሮ ሰው ሲሆን ውሃ ጨምራ ታቀጥነዋለች። እኔም የቢሮ ሰው ነኝና ደርሶኛል።

ይህን ወረፋ ያመጣብን አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው። እሷው ጋ ተቀምጦ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ሰማችው፦ ግብርና አንደኛ ዘርፍ፣ ኢንዱስትሪ ሁለተኛ፣ አገልግሎት ሦስተኛ፤ አገር ስታድግ ሰው ከእርሻ እየወጣ ወደ አገልግሎት ይገባል። "ልክ እንደ እሷ" ብሎም ጠቆመባት።

ዛሬ ቀጭኑን ሻይ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

"አዴ፣ ቁጥሩ እኮ የማዕረግ አይደለም።"

"እኔም አገሬ በደሳ ሳለሁ አንደኛ ነበርኩ፣ ወላሂ! ባሌ ሲሞት ወንድሙ ከቡና መሬቴ አባረረኝ። ይሄ ነው እድገት ያልከው። በል፣ ሦስተኛህን ጠጣ!"

ይህን እያለች ከበደሳው መኪና አንድ ገበሬ ወረደና "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሰላምታውን አልመለሰችም። ማንቆርቆሪያው ገና መፍላቱ ነበር፤ እሷ ግን ባዶ ብርጭቆ ገልብጣ ፊቱ አስቀመጠችለት።

"ምነው፣ ገበሬ አንደኛ አልነበረም እንዴ?" አለ መምህሩ።

"መሬቴን በልቶ ሻዬን አይጠጣም።"